ከደህንነት ቤት ጀርባ ያለው ሕግ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ፓስፖርት አወጣጥ አጠር ያለ ነገር ጽፈን ነበር። ከዚያ በኋላ መልእክት ጎረፈ። የሚገርመው ግን ስለ ፓስፖርት የጠየቀው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አብዛኛው የጠየቀው ስለ «ደህንነት» ነው፤ ማን አቋቋመው፣ በምን ሕግ ይሠራል፣ እሱንስ ማን ይጠይቀዋል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለዚህ ሰጠነው። የጠያቂ ስም አላወጣንም። ብዙዎቻችሁም ስማችሁን አልጻፋችሁም፣ አልፈርድባችሁም።

«አቦ፣ ፓስፖርት ላወጣ ነው ስል አባቴ "ደህንነት ቤት ልትሄድ ነው?" ብሎ ደነገጠ። እኔ የማውቀው ኢሚግሬሽን የሚባል ቢሮ ነው። አባቴ ምን አስቦ ነው?» (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

አባትህ በዘመኑ ያየውን ነው የተናገረው። በ1987 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ሙሉ ስሙ «የደህንነት፣ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጉዳይ ባለሥልጣን» ነበር። ሦስቱም ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር። ፓስፖርትህን የሚሰጥህም፣ ድንበር ላይ የሚያስቆምህም፣ ስለ አንተ መረጃ የሚሰበስበውም ያው አንድ ቤት ነበር ማለት ነው። እንደኛ ዓይነት ከተማ ውስጥ፣ ግማሹ ሰው ጅቡቲ ዘመድ ባለበት፣ ንግዱም ባቡሩም ወደዚያ በሚያይበት፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ፓስፖርት ሊጠይቅ የገባ ሰው ሌላ ነገር እንዳይጠየቅ ይፈራ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 804 ስሙ ተለውጦ «የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት» ሆነ። ኢሚግሬሽኑ ግን አብሮት ቆየ። የተለያዩት ከ2010ሩ ለውጥ በኋላ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1097 የሰላም ሚኒስቴር ሲቋቋም ደህንነቱም፣ የኮምፒውተርና የኔትወርክ ደህንነት የሚጠብቀው ኢንሳም፣ ፌዴራል ፖሊስም፣ ኢሚግሬሽኑም የየራሳቸው መሥሪያ ቤት ሆነው በዚያ ሥር ገቡ። ሦስት ዓመት ገደማ ቆዩና በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ደህንነቱ ተመልሶ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ ሆነ። ስለዚህ አባትህን አረጋጋው። ግን አትሳቅበት።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ተማሪ ሳለን "የጃንሆይ ጆሮ ጠቢ" ይባል ነበር። ለመሆኑ በንጉሡ ጊዜ ደህንነት የሚባል ነገር በሕግ ነበር? ወይስ እንዲሁ ወሬ ነው?» (ከሐረር፣ ጀጎል)

ጋሼ፣ እርስዎ ካሉበት ብንጀምር ይሻላል፤ ሐረር ከዚህ ታሪክ ጋር ብዙ ጊዜ ተገናኝታለች። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ከሥልጣን መውረዳቸው አዲስ አበባ ላይ ሲታወጅ እሳቸው ሐረር ነበሩ። ከተያዙ በኋላ ፍቼ ታሠሩ፣ በ1924 አምልጠው እንደገና ተያዙ፣ ከዚያ ወደ ጋራ ሙለታ ተላኩ። እስከ ኅዳር 1928፣ እስከ ሞቱበት ድረስ፣ እዚያው ነበሩ። ያኔ የተደራጀ የደህንነት መሥሪያ ቤት የለም። እስረኛው የንጉሡ ነው፣ ጠባቂውም የንጉሡ ነው፣ ወሬውም በቀጥታ ለንጉሡ ነው የሚነገረው።

ከጣልያን በኋላ ነገሩ መሥሪያ ቤት ሆነ። በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የሕዝብ ጸጥታ ክፍል ነበር። ግን ጃንሆይ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰሙ ሰው አልነበሩም። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደጊዮርጊስ የራሳቸው መረጃ አቀባዮች ነበሯቸው፣ አቶ መኮንን ሀብተወልድም የራሳቸው፣ የጸጥታው ክፍልም የራሱ። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ ሁሉም ወደ ላይ ያቀብላል። ብልህ አሠራር ይመስላል። ታኅሣሥ 1953 ላይ ግን ምን ሆነ መሰለዎት? በመንግሥቱና በገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ውስጥ ከዋነኞቹ አንዱ የጸጥታው ሹም ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ራሱ ነበር። ሌላኛውን መረብ የዘረጉት አቶ መኮንን ደግሞ ከታገቱት መሃል ሆነው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ። ወርቅነህም እጁን ሳይሰጥ ሞተ። ዙፋኑን እንዲጠብቁ የተሾሙት ሁለት ሰላዮች በአንድ ሳምንት ውስጥ በተቃራኒ ጎን ሆነው ሞቱ።

«በሕግ ነበር ወይ?» ላሉት፣ ሕግማ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የተያዘበት ቦታ ከፍርድ ቤቱ በእግር ከ48 ሰዓት ያላነሰ የሚያስኬድ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል የሚል ልዩ ሁኔታ እንኳ ጨምሮበታል። ይቺን አንቀጽ በጣም እወዳታለሁ፤ ኢትዮጵያን የሚያውቅ ሰው እንደጻፋት ታስታውቃለች። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ያንኑ 48 ሰዓት ደገመው። ችግሩ የጸጥታ ሰዎቹ ራሳቸው ለዚህ ሕግ ተገዢ ነን ብለው አለማሰባቸው ነው። ተጠሪነታቸው ለአንድ ሰው ነበር። እሱ ካላዘነ የሚያዝን፣ እሱ ካልጠየቀ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ሰኔ 1966 ደርግ ሲቋቋም የየጦር ክፍሉ ተወካዮች ተጠርተው ነበር፤ ሐረር ከነበረው ሦስተኛ ክፍለ ጦር የሄደው ሰው ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያም ነው። የመጣውን እርስዎም ያውቁታል።

«ወንድሜ በ1970 ከቀበሌ ተወስዶ አልተመለሰም። እናታችን እየጠበቀችው ሞተች። ጀርመን አገር ያለችው የልጅ ልጄ እዚያ ሰው የራሱን የስለላ ፋይል ጠይቆ ያነባል አለችኝ። የእኛስ ፋይል የት ነው? መጠየቅ ይቻላል?» (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

እማማ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይሄን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላም ማጽናናት ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ሐዘኑ ለቅሶ ያልተቀመጡበት ሐዘን ነው።

የልጅ ልጅዎ ያለችው እውነት ነው። ምሥራቅ ጀርመን ሽታዚ የሚባል የደህንነት ሚኒስቴር ነበራት፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመ። መጨረሻው ላይ 91,000 ገደማ ቋሚ ሠራተኛ ነበረው፣ አቀባዮቹን ሳይጨምር። መንግሥቱ ሲወድቅ ሠራተኞቹ ፋይሉን መቅደድ ጀመሩ። ሕዝቡ ይሄን ሲሰማ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1990 በርሊን ያለውን ዋና መሥሪያ ቤት ጥሶ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ሕግ ወጣ፣ ከ1992 ጀምሮም ማንኛውም ሰው ስለራሱ የተጻፈውን ማንበብ ቻለ። ጎረቤቱ እንደሰለለው ያወቀ አለ፣ ባሏ እንደሰለላት ያወቀች አለች።

ይሄ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደርግ በኮሎኔል ተስፋዬ ወልደሥላሴ የሚመራ የደህንነት ሚኒስቴር ሲያቋቁም ያሠለጠኑትና ያማከሩት እነዚሁ የሽታዚ ሰዎች ነበሩ። ወንድምዎ በተወሰደበት ጊዜ ግን ነገሩ ከሚኒስቴርም ያለፈ ነበር። አብዮት ጥበቃው ይይዛል፣ ቀበሌው ያስራል፣ ከቀበሌ በላይ ያለው «ከፍተኛ» ይመረምራል። የመግደል ሥልጣን ሰፈር ድረስ ወርዶ ነበር። ለዚህ ነው የብዙ ሰው ፋይል አንድ ቦታ የማይገኘው፤ ለብዙዎቹም ፋይል የሚባል ነገር ጭራሽ አልተከፈተም።

ያም ሆኖ የተጻፈው ብዙ ነው። ደርግ ሰነድ ይወድ ነበር። በ1984 በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው የልዩ ዓቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ክሱን በአብዛኛው ያቆመው በራሱ በደርግ ወረቀት ነው፤ ማን ይገደል እንደተባለ፣ ማን እንደፈረመ። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ተጀምሮ የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት። መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌለበት ተፈረደበት፣ ዚምባብዌ ሆኖ።

እንደ ጀርመን ሰው ሄዶ «የወንድሜን ፋይል ስጡኝ» የሚልበት ልዩ ሕግ ግን እኛ ጋ አልወጣም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ፣ ቁጥር 590፣ ከመንግሥት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ የአገር ደህንነትን የሚመለከተውን ግን ከመብቱ ውጪ ያደርገዋል። በእኔ አስተያየት ይሄ ለቆየ ፋይል መሥራት አልነበረበትም። የሃምሳ ዓመት ወረቀት የማንን ደህንነት ነው የሚጠብቀው? ፋይሉ ውስጥ ስማቸው ያለውን ሰዎች ካልሆነ በቀር።

በእጅዎ ያለው ሌላ ነገር ልንገርዎት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ሰውን አስገድዶ መሰወርን፣ ያለ ፍርድ መግደልንና ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድብደባን በይርጋ አይታገዱም፣ በምሕረትም አይታለፉም ይላል። ማለትም የወንድምዎ ጉዳይ በሕግ ዓይን አላረጀም። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል፤ እውነት ማፈላለግም ከሥራዎቹ አንዱ ተብሎ ገብቷል። ስለዚህ ወንድምዎ የተወሰደበትን ቀን፣ ቀበሌውን፣ ያዩ ሰዎችን ስም ጽፈው ያስቀምጡ፤ ለልጅ ልጅዎም አንድ ቅጂ ይስጧት። ምስክር እየሞተ ነው። አዲስ አበባ ከሄዱ ደግሞ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ተከፍቷል። የተጎጂ ቤተሰቦች የደከሙበት ቦታ ነው፤ እዚያ የሚያገኟቸው ሰዎች ጥያቄዎን ሳያስረዷቸው ይገባቸዋል።

«ባጃጅ ነጂ ነኝ። አንድ ሰው ሲቪል ለብሶ "ደህንነት ነኝ፣ ና ውረድ" ቢለኝ መሄድ አለብኝ? ጓደኛዬ እንዲህ ተብሎ ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር።» (ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ አጭር ነው፣ መልሱ ግን ይረዝማል፣ ታገሰኝ።

በሕጉ ሰው የመያዝ ሥራ የፖሊስ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ያ ሁላችን የምናስታውሰው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ፣ ቁጥር 652፣ ያን ያህል ሰፊ ሆኖ እንኳን ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የመያዝ ሥልጣን የሰጠው ለፖሊስ ነው። በተግባር የሆነውን ታውቃለህ። ኅዳር 2011 ላይ የወቅቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ራሱ ወጥቶ፣ የደህንነት ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ በስውር ቤቶች ሰው ያስሩና ያሠቃዩ እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናገረ። ያኔ የመሥሪያ ቤቱ የቀድሞ ኃላፊዎች ላይ የእስር ማዘዣ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በመጋቢት 2010 ማዕከላዊ ተዘግቶ ነበር፤ በንጉሡም በደርግም በኢሕአዴግም ሲመረመርበት የኖረ ግቢ ነው። ከሐረር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ጅግጅጋ፣ «ጄል ኦጋዴን» የሚባለውም በዚያው የለውጥ ሰሞን ነው የተዘጋው። ስለዚያ እስር ቤት ድሬ ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም፣ ጮክ ብሎ ያወራ ግን ጥቂት ነበር።

አሁን ወደ አንተ። መንገድ ላይ አትታገል፣ አትሩጥ። መታወቂያ ጠይቅ፣ በትህትና። ማዘዣ ካለ ማዘዣውን ያነብልሃል፣ ከጠየቅክም ያሳይሃል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ እንዲያ ነው የሚለው። ማዘዣ ከሌለ ለምን እንደምትያዝ ጠይቅ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ምክንያቱ በምትረዳው ቋንቋ ወዲያው ይነገርህ ይላል፤ ሶማልኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም አደርኛ። ይሄ ለድሬ ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ ያልገባህን ወረቀት አትፈርም። ተገደህ የሰጠኸው ቃል ማስረጃ አይሆንም። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ በተለመደው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። በሽብር አዋጁ ቁጥር 652 ግን አንዱ ቀጠሮ 28 ቀን፣ በጠቅላላው እስከ አራት ወር ይደርስ ነበር። ያ አዋጅ በ2012 በቁጥር 1176 ተተክቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ፣ የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ከአዲስ አበባ ሌላ የሚያስችሉባት ከተማ ተብላ በሕግ የተጻፈችው እሷ ናት። ሐረር ደግሞ ክልል ነው፣ የራሱ ፖሊስና የራሱ ፍርድ ቤት አለው። ስለዚህ ጠዋት ድሬ የተያዘና ከሰዓት ሐረር የተያዘ ሁለት ጓደኛሞች የተለያየ ችሎት ፊት ሊቆሙ ይችላሉ። ዘመድ የሚሮጠው የተሳሳተ ቦታ ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ይቃጠላል፣ ከ48ቱ ሰዓት ላይ ማለት ነው።

ዘመድ ከተሰወረባችሁ ሁለት ቀን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። በየጣቢያው ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትን ሰዓት ጻፉ። 48 ሰዓት አልፎ ካልቀረበ «አካልን ነፃ የማውጣት» አቤቱታ የሚባል አለ፤ ፍርድ ቤቱ ያሠረውን ክፍል «ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ ለምን እንደያዝከውም አስረዳ» ብሎ ያዝዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ደግሞ የታሠረ ሰው ባለቤቱን፣ ዘመዱን፣ ጓደኛውን፣ የሃይማኖት አባቱን፣ ሐኪሙንና ጠበቃውን የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ያለ አግባብ ያሠረ ባለሥልጣንም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ይጠየቃል።

«ወረቀት ላይ ነው አቦ» ልትለኝ እንደምትችል አውቃለሁ። አዎ፣ አንዳንዴ ወረቀት ላይ ነው። ኮማንድ ፖስት በነበረባቸው ጊዜያት፣ ከመስከረም 2009 ጀምሮ ደጋግመን እንዳየነው፣ 48 ሰዓቱም ይታገዳል። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ሊነኩ የማይችሉት የሕገ መንግሥቱ አንቀጾች ጥቂት ናቸው፤ ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 አንዱ ነው፣ አንቀጽ 19 ግን ከነሱ ውስጥ የለም። መኖር ነበረበት እላለሁ።

«ስልኬ ሲያንቃጭል "ተጠልፏል" ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከአራተኛ፣ ሐረር)

የማንቃጨሉ ነገር የኔትወርክ ጣጣ ነው እህቴ። ጠለፋ ድምፅ አያሰማም።

ሕጉ ግን እንዲህ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደብዳቤሽም ስልክሽም አይደፈር ይላል። የ2005ቱ የደህንነት አዋጅም፣ የ2001ዱ የሽብር አዋጅም፣ ክትትልና ጠለፋ በፍርድ ቤት ማዘዣ ይሁን ነው የሚሉት። ችግሩ ከማዘዣው በኋላ ያለው ነው። በሽብር አዋጁ ቁጥር 652 የደህንነት ሪፖርት ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ሳይገለጽ ማስረጃ ሆኖ መቅረብ ይችል ነበር። ተከሳሹ የማያውቀውን ነገር እንዴት ያስተባብል? ጠበቆች ስንት ዓመት የጮሁበት ነው።

ደግሞ ጠለፋው በስልክ መስመር ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ ፊንፊሸር የሚባል የስለላ ሶፍትዌር ኢትዮጵያ ውስጥ እንደሚሠራ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሃኪንግ ቲም የሚባለው የጣልያን ኩባንያ ራሱ ተጠለፈና ደብዳቤዎቹ ሲወጡ፣ ኢንሳ ደንበኛው እንደነበር ታየ። የሰላይ ሻጭ መጠለፉ ትንሽ ያስቃል፣ ካላለቀሱ።

«ይሄ ሁሉ የእኛ አገር ጉድ ነው ወይስ ሌላውም እንዲሁ ነው?» (ከድሬዳዋ፣ የሕግ ተማሪ)

ሌላውም እንዲሁ ነበር፤ ልዩነቱ በኋላ ያደረጉት ነገር ላይ ነው። የእንግሊዝ ኤም አይ ፋይቭ እ.ኤ.አ. በ1909 ተቋቁሞ እስከ 1989 ድረስ የሚገዛው የፓርላማ ሕግ አልነበረውም። ሰማንያ ዓመት ሙሉ በሕግ ዓይን የሌለ መሥሪያ ቤት። የስልክ ጠለፋ ሕግ ያወጡትም በ1985 ነው፣ እሱም ማሎን የሚባል ሰው በ1984 የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ካሸነፋቸው በኋላ። አሜሪካኖች ሲአይኤን በ1947 በሕግ አቋቋሙ፤ ግን ሲአይኤ የዜጎችን ፖስታ ሲከፍት፣ ኤፍቢአይ ማርቲን ሉተር ኪንግን ሲከታተል እንደነበር በይፋ የተመረመረው በ1975፣ በሴናተር ፍራንክ ቸርች ኮሚቴ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ለስለላ ማዘዣ የሚሰጥ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋሙ። ያም ችሎት በሚስጥር ስለሚሠራ እስከ ዛሬ ይተቻል።

አየህ፣ እዚያም መጀመሪያ ሰላዩ መጣ፣ ሕጉ ዘግይቶ ደረሰ። ሕጉን ያመጡትም ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አቤት ያለ ሰው፣ የሰማው ፍርድ ቤት፣ የመረመረ ፓርላማ። የሕግ ተማሪ ስለሆንክ የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 7 ገልጠህ አንብብ። የመከላከያ፣ የደህንነትና የፖሊስ አደረጃጀትን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው ይላል። አያቆምም፤ እነዚህ ኃይሎች ሰብዓዊ መብት ሲጥሱ ምክር ቤቱ ያጣራል፣ እርምጃ እንዲወሰድም ያደርጋል ይላል። ይችላል አይልም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ካላገኘህ ይኸው ሰጠሁህ፤ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ምክር ቤቱ በዚህ ንዑስ አንቀጽ ስንት ጊዜ እንደተጠቀመ ከቃለ ጉባኤው ቆጥረህ አምጣልን፣ እናትመዋለን።